ጊታር ስለ መማርና ስለ ቀላል ዜማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል የሙዚቃ ጓደኞች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ጥቂት ቃል እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ሳይንስ፣ አንዳንዶቹም ስለ ታሪክ ብንናገር እንደሚሻል አሳብ አቅርበው ነበር። ነገር ግን ስለ ሳይንስም ሆነ ስለ ታሪክ መምህሮቻችን ከእኛ ይልቅ አጥርተው ስለሚያውቁ፣ በገዛ ጣታችን ደክመን ስላወቅነው ስለ አንድ ትንሽ ነገር መናገርን መረጥን። ይኸውም ጊታርን እንዴት መማር እንደ ጀመርንና፣ ቀላል የሆነውን ዜማ ለማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ መንገድ እንደ ዞርን ነው።

አምና በወላጆች ቀን በዚሁ መድረክ ላይ መውጣታችንን የሚያስታውስ ሰው በመካከላችሁ ሳይኖር አይቀርም። ማንም ባያስታውሰው ደስ ባለን ነበር። ያን ጊዜ ጊታር ከያዝን ገና ሁለት ወራችን ነበር። የመረጥነውም ዘፈን በሬዲዮ ሰምተን ያማረንን እንጂ ጣታችን የሚችለውን አልነበረም። በዘፈኑ ውስጥ ኤፍ የሚባል ኮርድ አለ። ኮርድ ማለት ሦስት ወይም ከዚያ የበለጡ ድምፆች ባንድነት ሲመቱ የሚሰጡት ስምም ድምፅ ነው። ኤፍን በሙሉ ለመያዝ ሌባ ጣት ብቻውን እንደ መወርወሪያ ተጋድሞ ስድስቱን ክሮች ባንድ ጊዜ መጫን አለበት፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ደግሞ በፊቱ እያንዳንዳቸው ቦታ ይይዛሉ። ያልጠነከረ ጣት ይህን ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ የባዶ ሣጥን ድምፅ ነው። እንግዲህ ዘፈኑ ወደ ኤፍ በደረሰ ቍጥር እኛ ቆምን። ሕዝቡ ግን በደግነቱ ማጨብጨብ ጀምሮ ስለ ነበረ አልቆመም። እርሱ እያጨበጨበ አለፈ፤ እኛ ኤፍ ላይ ቀረን።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሰባታችን ሁለቱ ሁለተኛ ጊታር አንነካም አሉ። የቀረነው አምስታችን ደግሞ ጥፋቱን በጊታሩ ላይ ጣልን። በእርግጥ ጊታሩም ቢሆን ንጹሕ ነበር ለማለት አንችልም። ከዕቃ ቤት አቧራ ውስጥ ያወጣነው አምስት ክር ብቻ የቀረው ጊታር ነው። ስድስተኛውን ለማሟላት ገንዘብ አዋጥተን ክር ስንገዛ የናይለንና የብረት ክር ልዩነት እንዳለው የነገረን ሰው ስላልነበረ፣ ብረቱ ድምፁ ያምራል ብለን ስድስቱንም ክሮች በብረት ለወጥናቸው። የብረት ክር ከናይለን ክር እጅግ የበለጠ ይስባል። ለናይለን የተሠራ ጊታር ያን ጕልበት አይችልምና በሦስተኛው ቀን ሌሊት ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከሆዱ ላይ ተነቅሎ ተገኘ። ማንም ሳይነካው ተሰበረ ብንል ያመነን አልነበረም። የእንጨት ሥራ መምህራችን በሙጫ አጣብቀው በማሰሪያ አጥብቀው አዳኑልን፤ አሁንም ጠባሳው ይታያል። የናይለን ክር የመጣው በ1940ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የጊታር ክር ከእንስሳ አንጀት ይሠራ እንደ ነበረ በኋላ አነበብን። ያገራችን በገናም አሥሩ ክሮቹ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸውና ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር።

ለማያውቁት ስለ አሠራሩ ባጭሩ እንናገር። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። ሲቈጠሩ ግን አንደኛ የሚባለው ቀጭኑ፣ ስድስተኛ የሚባለው ወፍራሙ ነው። ይህ መገለባበጥ እኛን አንድ ሳምንት አሳስቶናል። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በተርታ ተተክለዋል። ክሩን ከፍሬቱ አጠገብ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ የተጫነ ጣት በጥቂት ጕልበት ንጹሕ ድምፅ ያወጣል፤ በፍሬቱ ላይ ወይም ከእርሱ ርቆ የተጫነ ጣት ደግሞ እየደከመ ይንጫጫል። ለመቃኘት ዛሬ ስልክ ያለው ሰው በስልኩ ይረዳል። ስልክ ባይኖርም የስድስተኛውን ክር አምስተኛ ፍሬት ይዞ ቢመታ የአምስተኛውን ክር ድምፅ ይሰጠዋል፤ በዚሁ ዓይነት እያስተካከለ ይወርዳል። ከሦስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ብቻ በአምስተኛው ፈንታ አራተኛውን ፍሬት መያዝ አለበት። ይህን አንዱን የረሳ ሰው ጊታሩን ሁሉ አበላሽቶ ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከመካከላችን አንዷ እኅታችን የጣቷ ቆዳ ተልጦ ስለ ነበረ ክር መጫን አልቻለችም። ዝም ብላ እንዳትቀመጥ ያህል ምንም ሳትጫን ክሮቹን አንድ በአንድ፣ አንዳንዴም እያለፈች ትመታቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ባልዲ ይዞ በበሩ ሲያልፍ ቆመና «ይኸ ትዝታ ነው» አለ። እኛ ሳቅን። «ትዝታ አይደለም፤ መቃኘቷን እየሞከረች ነው» አልነው። እርሱ ግን «ትዝታ ነው እንጂ፤ ክሩ ሁሉ ትዝታ ነው» ብሎ ባልዲውን አስቀመጠ።

ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በዓመቱ መጀመሪያ ከእናንተ ጋር ልማር ብሎ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። እኛም ጊታር አንድ ነው፣ ሰውም በዝቷል ብለን «መጀመሪያ ጥቂት ተምረህ ና» ብለን መልሰነዋል። ጊታር የሌለውን ሰው ጊታር ተምረህ ና ማለታችን ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልታሰበንም።

ጊታሩን ሰጠነው። እንደ እኛ በጭኑ ላይ አላጋደመውም፤ እንደ ክራር ቀና አድርጎ በደረቱ አስደገፈው። የግራ እጁ ጣቶች ክሮቹን ለመጫን ሳይሆን የማይፈለጉትን ዝም ለማሰኘት ተዘረጉ፤ ክራር የሚደረድር ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድምፆቹ ግን እንደ ክራር ተጠጋግተው ስላልተቀመጡ ዜማው እየዘለለ አስቸገረው። ስለዚህ በቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች ላይ የጐደለውን ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ ሦስተኛውን ክር ባዶውን፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ፍሬት፤ ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ ቀጥሎም በሦስተኛው ፍሬት፤ አንደኛውን ክር ባዶውን፣ ቀጥሎም በሦስተኛው ፍሬት መታ። ስድስት ድምፅ ሆነ። ባለ ስድስት ክር ክራር በትዝታ ሲቃኝ የሚሰጠው ስድስት ድምፅ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በእነዚሁ ድምፆች ብቻ አንድ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ተጫወተ። እኛ በዚያ ጊታር ላይ ካንድ ዓመት የበለጠ ስንደክም አንድም ዜማ ሳናቋርጥ ጨርሰን አናውቅም ነበር።

ክራር እንደሚያውቅ ስለ ምን ሳይነግረን እንደ ቀረ ጠየቅነው። «አዝማሪ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለ። ከመካከላችን አንዱ «እኛ እንዲህ አንልም» ብሎ መለሰ፤ የቀረነው ግን ዝም አልን። ምክንያቱም እንል ነበር። በሬዲዮ የሰማነውን የውጭ አገር ዘፈን ስንሰብረው ሥልጣኔ መስሎን፣ እርሱ ከአጎቱ የተማረውን ክራር ግን እንደ ነውር አስደበቅነው። አርቲስት አስናቀች ወርቁን በክራሯና በቴአትሯ አገር ሁሉ ሲያከብራት ኖሯል፤ ከሕይወት በተለየችበትም በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ብዙ ሰው አዝኖላታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንድን የታወቀ ሰው ማክበርና ባልዲ ይዞ በደጃፍ የሚያልፈውን ልጅ ማክበር አንድ ነገር እንዳልሆነ በዚያች ማታ አየን።

የሙዚቃ መምህራችንን በማግሥቱ ስንጠይቃቸው ምስጢሩን አስረዱን። ባዶዎቹ የጊታር ክሮች የሚሰጡት ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂና ቢ አምስት ድምፅ ናቸው። ከጂ ጀምሮ በተርታ ቢደረደሩ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ፤ ይህም ሙሉ ትዝታ የሚባለው ቅኝት ነው። ከዚህም በላይ ጂ የሚባለው ኮርድ ከጂ፣ ከቢና ከዲ የተሠራ ነው፤ ኢ ማይነር የሚባለው ደግሞ ከኢ፣ ከጂና ከቢ። ሁለቱም ከአምስቱ ድምፆች ውጭ ምንም አይጨምሩም። ስለዚህ አንዱ ዜማውን በስድስቱ ድምፆች ሲጫወት ሌላው በነዚህ በሁለት ኮርዶች ብቻ ሊያጅበው ይችላል። ኢ ማይነር ሁለት ጣት ብቻ ይፈልጋል፤ አምስተኛውንና አራተኛውን ክር በሁለተኛው ፍሬት መያዝ ነው። ወደ ጂ ሲሻገሩም በአምስተኛው ክር ላይ ያለው ሌባ ጣት ከቦታው አይነሣም። ሁለቱ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አንዱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

እኛ ቀላል ዘፈን ማለት ሕፃናት የሚዘፍኑት ወይም አጭር የሆነ ይመስለን ነበር። እንዲህ አይደለም። ለጀማሪ ቀላል የሚሆነው ዜማ ጆሮ አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ኮርዱም ሲለወጥ ጣት ብዙ የማይጓዝበት ነው። ትዝታን ማንም ሳያስተምረን በቤታችን ሰምተነዋል። ስለዚህ ስንሳሳት ጆሯችን ራሱ ይቈጣን ነበር፤ መምህር አላስፈለገንም። በጠዋት ስብሰባ ከምንዘምራቸው መዝሙሮችም ብዙዎቹ፣ ለልደት ቀን የሚዘመረውም ዜማ በሦስት ኮርድ፣ ይኸውም በጂ፣ በሲና በዲ ያልቃሉ። እነዚህን በየተራ ተማርናቸው። ትዝታ ገባን ብለን አንቺሆዬን በነዚያው በሁለት ኮርዶች ለማጀብ በሞከርን ጊዜ ግን ያወጣነውን ድምፅ ባንገልጸው ይሻላል። አንቺሆዬ ሌላ ቅኝት ነውና ሌላ ትምህርት ይፈልጋል፤ እኛም ገና አልደረስንበትም።

ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ጊዜ ከትምህርታቸው የተወሰደ አይደለምን?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን፤ ጠይቀውናልም። መጀመሪያ ላይ እውነታቸውን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየተቀመጥን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመጀመሪያው እንጀምር ነበር፤ ጣታችንም ከመጠንከር ይልቅ እየቈሰለ ይሰነብት ነበር። ከዚያ በኋላ ለየአንዳንዳችን በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ደለደልን። አምስት ሆነን በአንድ ጊታር ሌላ ምርጫም አልነበረንም። ባንድ ወር ጊዜ ውስጥ የጣታችን ጫፍ ጠነከረ፤ ሁለቱ ሸሽተው የነበሩትም ጓደኞቻችን ተመለሱ። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጊታር ባይዝም እጁን በጭኑ ላይ እየመታ ጊዜውን ይጠብቅ ነበር። አምና በመድረክ ላይ የጐደለን ኤፍ ብቻ አልነበረም፤ ይህም ነበር። ኮርዱ ቢያመልጥ እንኳ እጅ ምቱን ሳያቋርጥ ማለፍ አለበት። አንድ የተሳሳተ ድምፅ ሰሚው ይረሳዋል፤ የቆመን ዘፈን ግን ማንም አይረሳውም። እኛን ጠይቁን።

እኛ ሰባታችን በሰኔ ከዚህ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ሁላችንም አንድ ከተማ አንቀመጥም። ጊታሩ የትምህርት ቤቱ ነውና እዚሁ ይቀራል። የዕቃ ቤት ቍልፍ በእጃቸው ያለው መምህራችን ወደ ዕቃ ቤት እንዳይመለስ ፈቅደውልናል። የሚጠብቀው ያ የ9ኛ ክፍል ወንድማችን ነው። እርሱም በበኩሉ ሦስት የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆችን መርጧል። ከሦስቱ አንዱ ከቶ ምንም አያውቅም፤ ለምን እንደ መረጠው ስንጠይቀው «ስለ ጠየቀኝ ነው» አለን።

አሁን ጥቂት ለማሰማት እንወጣለን። ዜማውን የሚጫወተው እርሱ ነው፤ እኛ በሁለት ኮርድ እናጅባለን። ኤፍ የለበትም። ማጨብጨብ የምትወዱ ሁሉ አጨብጭቡ፤ ነገር ግን እባካችሁ ዝግ በሉ፤ እንድንደርስባችሁ።