ሳይክል ይከልከል ወይስ ልጓም ይግባለት?

(በጨንቻ ከተማ በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ጎረቤቶች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ ስለ ሳይክል ነበር። ልጆች ከላይኛው መንገድ ወደ ታች እየተምዘገዘጉ ሲወርዱ፣ ውኃ ተሸክማ የምትመጣ እናት መሸሻ ታጣለች፤ ሽማግሌውም በትሩን ይዞ አጥር ይጠጋል። ክረምት ገብቶ ጉም ሲወርድ ደግሞ የሚመጣውና የሚሄደው አይተያዩም። ስለዚህ «ሳይክል ከሠፈራችን ጨርሶ ይከልከል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሌሎች ደግሞ «ዱሮስ ቢሆን ሳይክል ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ እንጂ ለጨንቻ ዳገት መች ተፈጠረ?» አሉ። ጉዳዩ ተጠንቶ እንዲቀርብ ስለ ታዘዝን የደረስንበትን ዛሬ እናቀርባለን።

ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር። በቅሎ ትራገጣለች ተብሎ በቅሎ ከአገር አትባረርም፤ ልጓም ይገባላታል። ሳይክልም እንዲሁ ነው። ከልክለን ብንሰድደው የሚቀርብን ነገር አለ። ዝም ብለን ብንለቀው ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይገድላል። ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ልጓም እናግባለት ነው።

አንደኛ፤ ሳይክል ሁለት ዓይነት ነው

በአገራችን ሳይክል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የልጅ ጨዋታን ወይም ውድድርን ነው። ውድድሩ ክብር ያለው ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል። ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ነገር ግን የውድድር ሳይክል ሌላ፣ የሥራ ሳይክል ሌላ ነው። የውድድሩ ጎንበስ ብለው የሚነዱት፣ ጎማው ቀጭን፣ ጭነት የማይዝ ነው። የሥራው ሳይክል ግን ሠራተኛው ቢሮ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ የሚሄድበት ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ድሬዳዋ የታወቁት በዚህ በሁለተኛው ነው።

በዓለም ላይ ይህን የሥራ ሳይክል ከሁሉ አብልጦ የያዘ ሕዝብ የሆላንድ ሕዝብ ነው። በዚያ አገር 18 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል፤ የሳይክሉ ቁጥር ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። ሚኒስትሩም፣ ሐኪሙም፣ አሮጊቷም፣ የመንደሩ ልጅም ይነዱታል። ማንም «ድኻ ነው» ብሎ አይንቃቸውም፤ «ስፖርተኛ ነው» ብሎም አያጨበጭብላቸውም።

ሁለተኛ፤ ሆላንዶች ምን አደረጉ?

«አገራቸው ሜዳ ስለሆነ ነዋ!» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ሜዳ ነው። ነገሩ ግን በሜዳነቱ ብቻ አያልቅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንድም እንደ ሌላው አውሮፓ መንገዱን ለመኪና ለቅቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ 3,300 ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ ሲሞቱ ከመካከላቸው ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ወላጆች «ሕፃናትን መግደል ይብቃ» ብለው አደባባይ ወጡ። ወዲያው በ1973 የነዳጅ ችግር ደረሰና መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ አዘዘ። ሕዝቡም ባዶ መንገድ ምን እንደሚመስል አየ። በ1976 ደግሞ በመኖሪያ ሠፈር ውስጥ መኪና በእግረኛ እርምጃ ብቻ እንዲሄድ፣ ልጆችም በመንገዱ ላይ እንዲጫወቱ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ።

ልብ በሉ! ልጅ ሲሞት ልጁን ቤት አልዘጉበትም፤ ሳይክሉንም አልከለከሉም። የገሩት መንገዱን ነው። በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለሞተር ተዘግቶ ለእግረኛና ለሳይክል ይከፈት ጀምሯል። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎችም ላይ የሳይክል መሥመር ተሠርቷል። ይህ እንግዲህ ለትልቅ ከተማ ነው። የእኛን የሠፈር መንገድ የሚገራው ግን እኛው ነን።

ሦስተኛ፤ የሥራ ሳይክል እንዴት ያለ ነው?

የሆላንዱን ሳይክል ክፍል በክፍል ብናየው ለእኛ የሚሆን ብዙ ነገር አለው።

ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። መንገዱን ከሩቅ ያያል፤ ሰውም ፊቱን ያየዋል። በእኛ አገር ሰውን ሳይሰላምቱ ማለፍ ነውር ነው። አጎንብሶ የሚበር ልጅ ሰላም ሊል አይችልም። ቀና ብሎ የሚነዳ ግን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ያልፋል።

የሴቶቹ ሳይክል በመካከሉ የሚጋረጥ ብረት የለውም። ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳታነሣ ትገባበታለች። ካቴናው በሽፋን የተከደነ ስለሆነ ጭቃ አይገባውም፤ ልብስም አይበላም። በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ልብስ እንዳይገባ የሚከላከል መረብ ወይም ክዳን አለው። ይህ ለሆላንድ ቀሚስ የታሰበ ነው፤ ጋቢና ነጠላ ለሚለብስ አገር ግን ይበልጥ ያስፈልጋል። የነጠላ ጫፍ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሲጠመጠም ነጂውን አንቆ ይጥላል። ስለዚህ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጋቢውን አስቀድሞ ወገቡ ላይ ይሰር።

ፓራፋንጎው ረጅም ስለሆነ ጭቃው ጀርባ ላይ አይረጭም። ጎማው ሲዞር ብርሃን የሚሰጥ ዲናሞ አለው፤ ባትሪ አይፈልግም፤ በጉም ቀንም ይታያል። ከኋላው ያለው ጠንካራ ፖርቶ መጋላ 25 ኪሎ ያህል ይጭናል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የታወቁት ጥቋቁሮቹ የቻይናው ፎኒክስና የሕንዱ ሂሮ የዚሁ ሳይክል ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ከአውሮፓ ካልመጣ ብለን የምንቸገርበት ነገር የለም። የጎደለውን መረብና ሽፋን የሠፈር ብየዳ ቤት ይሠራዋል።

አራተኛ፤ ዳገቱንስ?

እዚህ ላይ መዋሸት አንፈልግም። የሆላንዱ ሳይክል እንዳለ ቢመጣ ለጨንቻ አይሆንም። ምክንያቱ ፍሬን ነው።

ብዙዎቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን አላቸው። በሜዳ ጥሩ ነው። በረጅም ቁልቁለት ግን ይግላል፤ ውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠላል፤ በመጨረሻም አልይዝ ይላል። ሌላው ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ፍሬን ነው። ቸርኬው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ዝናብ ሲነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል፤ ደረቅ ሲሆን በአጭር ቦታ የሚቆም ሳይክል ሲርስ ብዙ መንገድ ሄዶ ነው የሚቆም። የእኛ አገር ደግሞ ዝናብና ጉም የማይለየው አገር ነው። ስለዚህ ለጨንቻ የሚሆነው ሳይክል የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ከፊትም ከኋላም በእጅ የሚያዝ ፍሬንና ለዳገት የሚቀል ማርሽ ያለው ነው።

ከጨንቻ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ወጣቶቻችን ሆይ፣ ይህን መንገድ በሳይክል ልውረድ አትበሉ! መኪናው እንኳ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሜዳ ላይ ሳይክል የሚያስፈልገው ሰው ሳይክሉን መኪና ላይ ጭኖ ይውረድ።

በከተማችን ውስጥ ግን ደልደል ያለ መንገድም አለ፤ ዳገትም አለ። ደልዳላው ላይ መንዳት ነው። እግረኛ በሚደክመው ድካም ሳይክለኛ ሦስት እጥፍ ያህል ይሄዳል። ዳገቱ ላይስ? ዳገቱ ላይ ወርዶ መግፋት ነው። ይህ እንደ ሽንፈት አይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1954 በቬትናም ተራሮች በዲየን ቢየን ፉ ውጊያ ጊዜ ስንቅና ጥይት ያጓጓዙት ሰዎች ሳይክሉን አልነዱትም፤ ገፉት። መሪው ላይ ቀርከሃ አስረው እያዞሩ፣ በአንድ ሳይክል እስከ 200 ኪሎ አጓጉዘዋል። ሳይክል ለተራራ አገር ጎማ ያለው ተሸካሚ ነው ማለት ነው። ቀርከሃ እንደሆነ በእኛ ጋ ሞልቷል።

አምስተኛ፤ ሸክሙን የሚሸከመው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ይህን በየቀኑ በጀርባዋ የምታመጣው ማን ናት? እንጨቱንስ? ድንቹን ወደ ገበያ የምታወጣውስ? እናቶቻችንና ሴት ልጆቻችን ናቸው። ሳይክሉስ በማን እጅ ነው? በወንዶቹ ልጆች። ሸክሙ በአንዷ ጀርባ፣ ጎማው በሌላው እግር ሥር ሆኖ ሳለ ሁለቱ መንገድ ላይ ይጋጫሉ። የባለፈው አቤቱታ ሥሩ ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ሳይክል ያለው ቤት ሁሉ ራሱን ይጠይቅ። ጀሪካኑ ፖርቶ መጋላው ላይ ታስሮ ቢገፋ የልጅቱ ወገብ አያርፍም ወይ? ሸማኔውስ ክሩን ከገበያ፣ የሠራውን ጋቢ ወደ ገበያ ቢያመላልስበት? ፖሙም ቢሆን ከሥሩ ጭድ ተደርጎ በቅርጫት ቢጫን ሳይበላሽ ይደርሳል። በእርግጥ የታጠፈ ጀርባ በአንድ ቀን አይቃናም። ግን አንዲት ተማሪ ከውኃ መልስ ወደ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ብትደርስ እንኳ ትልቅ ትርፍ ነው።

ስድስተኛ፤ እንዲወሰን የምንጠይቀው

1. ሁለት የሚሠራ ፍሬን የሌለው ሳይክል በሠፈራችን አይነዳ። ፈተናው ቀላል ነው። ሳይክሉን ወደ ፊት እየገፋችሁ የፊቱን ፍሬን ያዙ፤ የኋላው ጎማ መነሣት አለበት። የኋላውን ስትይዙ ደግሞ ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። ወጣቶች በየሳምንቱ ይህን ይመርምሩ።

2. በገበያ ቀን፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓትና ጉም በወረደ ጊዜ ቁልቁለቱን ሁሉ ሰው ወርዶ እየገፋ ይለፍ።

3. ሸክም የያዘ ሰው ለማንም መንገድ አይልቀቅ። የሚቆመው ባለ ጎማው ነው።

4. ይህ ደንብ ለልጆች ብቻ አይሁን። ሞተርና ባጃጅም በሠፈራችን መንገድ በእግረኛ እርምጃ ይሂዱ። በልጅ ላይ ጨክነን ለባጃጅ ብናደላ ፍርዱ ፍርድ አይሆንም። ከባለ ሞተሮቹና ከባለ ባጃጆቹ ጋር የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች ይመረጡ።

5. እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴቶችና ልጃገረዶች በሜዳ ላይ ይማሩ። ኮርቻው ዝቅ ይበል፤ ፔዳሉ ይፈታ፤ ተማሪዋ ሁለት እግሯ መሬት እየነካ ሚዛኑን ትልመድ። ሚዛን ከመጣ በኋላ ፔዳል ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሳይወድቁ ይለመዳል።

6. በማኅበራችን ቤት አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይቀመጥ። መንፊያ፣ ቁልፎች፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ላስቲክ ይኑረው። የወሰደ ሰው ስሙን አስመዝግቦ በዕለቱ ይመልስ። ፍሬን የሌለው ሳይክል የሚበዛው ባለቤቱ ግዴለሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የላስቲኩ ዋጋና መፍቻው ስለሚጠፋም ነው።

የተከበራችሁ ጎረቤቶች፤

አባቶቻችን በዱቡሻ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የተቃወመውን ሳይሰሙ አይነሡም ነበር። ዛሬም ሳይክል ይከልከል ያሉት ወገኖች ተነሥተው ይናገሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የተገጨ ሰው ያውቀዋል። ውኃ የሚቀዱትም ይናገሩ። ሳይክል የሚነዱት ልጆችም፣ ልጅ ናቸው ተብለው ሳይታለፉ፣ ቆመው ይናገሩ። በስማቸው የሚወጣውን ደንብ ራሳቸው ካልተስማሙበት የሚጠብቀው የለም።

በሸማኔ አገር ለሚኖር ሰው ብዙ መናገር አያሻም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳ የሚያስር ድር አንድ ሳይክል መግራት አያቅተውም።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው።