የዩንጋንግ ዋሻዎችና የከሰል ብናኝ



በሰሜን ቻይና በሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ከዳቶንግ ከተማ በስተምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአሸዋማ ድንጋይ ገደል የተፈለፈሉ የዩንጋንግ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ይገኛሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ460 ገደማ፣ በሰሜናዊው ዌይ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በመነኩሴው ታንያኦ መሪነት ተጀመረ። በዋሻዎቹ ውስጥ ከሚገኙት 51,000 ያህል ምስሎች መካከል ትልቁ 17 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮም በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይሁን እንጂ ዳቶንግ የድንጋይ ከሰል አገር ናት። ከሰል የጫኑ የጭነት መኪናዎች ለብዙ ዓመታት በዋሻዎቹ አጠገብ ይመላለሱ ነበር። ከጭነቱና ከጎማው የሚነሣው አቧራ፣ ከምድጃ ከሚወጣው ጥላሸት ጋር እየተቀላቀለ፣ በምስሎቹ ትከሻና ጭን ላይ ይከመር ጀመር።

በ1991 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከጌቲ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ጋር በመተባበር ብናኙን በዋሻዎቹ ውስጥና ውጪ ለኩ። ከጥናቱ የተገኘው ቁም ነገር የብናኙ መጠነ አካል ወሳኝ መሆኑ ነው። ሻካራው ብናኝ በክብደቱ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ወደ ላይ በሚያዩ ገጾች ላይ ከሚከማቸው ቆሻሻ አብዛኛው የእርሱ ነው። ደቃቁ ግን በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠውም እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል።

ስለዚህ ተጎጂው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ጎብኚ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል፤ ዘበኛው፣ አስጎብኚውና ጠራጊው ግን ያንኑ አየር ዓመት እስከ ዓመት ይተነፍሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የደቃቁ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም።

መፍትሔውም ቅደም ተከተል አለው። መጥረጊያ ማንሣት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም፤ ምክንያቱም መወልወል የላላውን የአሸዋ ቅንጣትና የቀረውን ቀለም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቀዳሚው እርምጃ ምንጩን ማራቅ ነው። በዚህም ረገድ የከሰሉ አውራ ጎዳና በ1998 ከዋሻዎቹ እንዲርቅ መደረጉ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ ነፋስን በበር መግታት ሲሆን፣ በ1651 በ5ኛውና በ6ኛው ዋሻ ፊት የተሠሩት የእንጨት ሰገነቶች ለዋሻዎቹ እንዲህ ያለ መከለያ ሆነው ቆይተዋል።

ሆኖም መንገድ ሲዛወር ጭነቱ አብሮ ይዛወራል። ከምስሎቹ የራቀው አቧራ በሌላ መንደር ደጃፍ ሊያርፍ ይችላልና፣ መለኪያው መንገዱን ተከትሎ መሄድ ይገባዋል። የሙያው ኃላፊነት ቅርሱ ዘንድ አያበቃም፤ በቅርሱ ጥላ ሥር የሚሠራውንና በአዲሱ መንገድ ዳር የሚኖረውን ሰው ሳንባ ጭምር በመጠበቅ ይፈጸማል።