አንዲት የሮም ዲናር ምን ትነግረናለች?



አዘጋጆቹ «ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» ብለው ቢጠይቁኝ «አሮጌ ሳንቲም እመረምራለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያው እሱኑ ይንገሩን» አሉኝና ይኸው ቆሜያለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአማርኛው ወንጌል «ዲናር» ብለን የምናውቃት የሮም የብር ሳንቲም መመታት የጀመረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ነው። ስፋቷ 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ በአውግስጦስ ዘመን 3.9 ግራም አካባቢ ትመዝን ነበር።

ዘመኗን ለማወቅ የግድ ላቲን አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ጥቂት አሕጽሮቶችን መልመድ ይበቃል። እስቲ የንጉሠ ነገሥት ትራያኖስን እንውሰድ። በጽሑፉ ውስጥ «ዳክ» የሚል ካለ «ዳኪያን ድል የነሣ» ማለት ነው፤ ይህን ማዕረግ ያገኘው በ102 መጨረሻ ላይ ነው። «ኮስ» የሚለው ደግሞ ቆንስልነቱን ይናገራል። አምስተኛው በ103፣ ስድስተኛው በ112 ነበር። ስለዚህ «ዳክ» እና «ኮስ 5» አብረው ከተገኙ ሳንቲሟ የተመታችው ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ነው። ቀላል አይደል?

ቀጥሎ ሚዛን ነው። ኔሮን በ64 ገደማ ክብደቷንም የብሯንም ጥራት ቀነሰ። ከእሱ በኋላ የመጡትም የወታደር ደመወዝ ሲከብዳቸው መዳብ እየጨመሩ ሄዱ። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጋሊየኖስ ዘመን ማብቂያ፣ ዲናርን የተካችው ሳንቲም ከመቶ አምስት እጅ ብር እንኳ አልነበራትም።

የሐሰተኛዋ ምልክትስ? ጥንታዊቷ በመዶሻ የተመታች ናት። ጠርዟ ላይ ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር፣ ፊቷ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳዎች ካያችሁ በሻጋታ የፈሰሰች መሆኗን ጠርጥሩ። ውስጧ መዳብ ላይዋ ብር የሆነ ግን የግድ የዛሬ ሥራ አይደለም፤ በጥንቱም ዘመን ይሠራ ነበር። አደራ፣ በሎሚም በአመድም አትፈትጓት!

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂት ዲናር ይገባ እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ በአዱሊስ አፈር ውስጥ የተገኘች ዲናርና በሮም ከተማ የተገኘች እህቷ የሚሰጡት ምስክርነት አንድ አይደለም። ከየት እንደወጣች ካልተመዘገበ ግን ያ ምስክርነት ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ በውጭ አገር ጨረታዎች የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞችም ከሮማውያኑ ጎን ይሸጣሉ። ስንቶቹ ናቸው የተገኙበት ቦታ የተጻፈላቸው?

በውጭ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት «ከየት መጣች? ወረቀቷ የታል?» በሉ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚቀረው ታሪክ ነው። ከአያት የተረከባችሁ ካለ ደግሞ መዝኑ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ፣ የምታውቁትን ሁሉ ጽፋችሁ ለታሪክ ክፍሉ መምህራን አሳዩ። ሳንቲሟ የእናንተው ሆና ትቆያለች፤ ወሬዋ ግን ለሁላችን ይተርፋል።