የካንሰር ሕሙማንን ስለሚያስታምሙ ነርሶች በማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ነርስን ለሌላው ስትል የምትቀልጥ ሻማ እያሉ ማመስገን የተለመደ ነው። እኛ ግን ስለምን ትቀልጣለች ብለን እንጠይቃለን። (ወንድ ነርሶችም ብዙ ናቸው፤ ለአነጋገር ያህል እሷ አልን።)

ብዙው የካንሰር መድኃኒት የታመመውን ሕዋስ ሲመታ ጤነኛውንም ይነካል። ሕመምተኛው ይህን የሚታገሠው እድናለሁ ብሎ ነው። የምትበጠብጠውን ነርስ ግን ሳትታመም በብናኙ፣ በፍንጣቂው፣ በሕመምተኛው ሽንት ሳይቀር ያገኛታል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ባሉ ነርሶች ሽንት ውስጥ ዘረ መልን የመለወጥ ኃይል ያለው ነገር ማየታቸውን የጻፉት በ1979 እ.ኤ.አ. ነበር። መከላከያው ከታወቀ ቆይቷል፤ አየር የሚስብ መበጥበጫ ሣጥን፣ ድርብ ጓንት፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ ጋውን። ሣጥኑ ውድ ነው እንበል፤ ጓንቱስ?

ሌላው ሸክም በጓንት አይከለልም። የካንሰር ሕመምተኛ ለወራት ስለሚመላለስ ነርሷ የልጆቹን ስም ሳይቀር ታውቃለች። ዘመድ በኮሪደር ይጠራትና «አደራ፣ በሽታውን እንዳትነግሪው» ይላታል፤ እሱ ደግሞ ማታ «እኅቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ይላታል። ምን ብላ እንደምትመልስ ማን አስተማራት? ሲሞት ለቤተ ሰቡ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ያስተዛዝናል። እሷ አንሶላ ቀይራ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ትቀበላለች።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ ክፉ ወሬ የመንገር ትምህርት ወደ ሕሙማን ክፍል ከመግባታችን በፊት እንዲሰጠን ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎችም ነርሶች ስለ ሞቱባቸው ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አንድ ሰዓት በየሳምንቱ ይፍቀዱ፤ ከሥራ በኋላ ሳይሆን በሥራ ሰዓት። ጓንት በሌለበት ክፍል ይህን መድኃኒት በጥብጡ ብንባል ግን፣ ጓንቱ እስኪመጣ አንነካውም ለማለት ዛሬ በማኅበራችን ስም እንስማማ።