ማበር እንጂ መተብተብ አይገባም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማበር ሌላ፥ መተብተብ ሌላ ነው። ከተተበተበ ድር አንዱን ክር ብንስብ ሌላው ሁሉ አብሮ ይሳባል። በኮምፒዩተር የሚሠራ የድረ ገጽ ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው የፕሮግራም ክፍሎች ሳይተበተቡ እንዴት ሊያብሩ እንደሚችሉ ነው።

ምሳሌያችን ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ አገር፥ በካንሳስ፥ ሎረንስ በምትባል ከተማ በአንድ ጋዜጣ ቤት ተጀምሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2005 ማንም በነጻ እንዲሠራበት ተሰጠ።

እስቲ አንድ ትምህርት ቤት በጃንጎ ሦስት ክፍሎች ሠራ እንበል፤ አንዱ ለመጻሕፍት ውሰት፥ ሁለተኛው ለፈተና ውጤት፥ ሦስተኛው ለወላጆች ለሚላክ ደብዳቤ። ሦስቱም «ተጠቃሚው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ የተጠቃሚውን መዝገብ ስም በራሱ ውስጥ ቢጽፍ፥ መዝገቡ በተለወጠ ቀን ሦስቱንም እየከፈቱ ማረም ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጃንጎ 1.5 እትም ግን መልሱ በቅንብር ፋይል ላይ፥ «ኦዝ ዩዘር ሞዴል» በሚባል አንድ መስመር እንዲጻፍ አደረገ። ክፍሎቹም ቅንብሩን ይጠይቃሉ እንጂ የመዝገቡን ስም በየራሳቸው አይጽፉም።

ደብዳቤውም እንደዚሁ ነው። በሙከራ ጊዜ «ኢሜይል ባክኤንድ» የሚባለውን መስመር ብንለውጥ፥ ለወላጅ ሊላክ የነበረው ኢሜይል ሳይላክ በስክሪናችን ላይ ይታያል፤ ደብዳቤውን በሚያዘጋጀው ክፍል ግን አንድ ፊደል እንኳ አይነካም።

ይሁን እንጂ ቅንብር ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። አዲሱ መዝገብ ሌሎቹ ክፍሎች የሚጠይቁትን ሁሉ መመለስ አለበት፤ ስሙ ቢለወጥ አደራው አይለወጥምና። ደግሞም ይህ ምርጫ ከሥራው መጀመሪያ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሠንጠረዦቹ ከተፈጠሩ በኋላ መለወጡ እጅግ አድካሚ ነው።

ይህ ነገር ስለ ምን አሳሰበን? እኛ በዚህ ዓመት ተመርቀን እንሄዳለን፤ የጻፍነውን ፕሮግራም የሚረከቡት ግን ታናናሾቻችን ናቸው። እነርሱ አንዱን ክፍል ለማሻሻል ሲነሡ ሌላውን ሁሉ ለማፍረስ እንዳይገደዱ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው። የሥራ ጥራት የሚታወቀው ሠሪው በሌለበት ቀን ነውና።