በሰው አገር ልጅን ስለ ማሳደግ



አባቶቻችን የቤት ሥርዓት ተገልብጦ ሲያዩ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላሉ። ይህ ምሳሌ አገሩን ለቆ በሰው አገር በሚኖር ቤተ ሰብ ላይ በየዕለቱ ሲፈጸም ይታያል። ከእናንተም መካከል በአሜሪካ ወይም በኤውሮፓ ልጆች የሚያሳድግ ወንድም ወይም እኅት ያለው ብዙ ነውና፥ ነገሩ የሩቅ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ወላጅና ልጅ ከአይሮፕላን የሚወርዱት ባንድ ቀን ነው፤ የአዲሱን አገር ቋንቋ የሚለምዱት ግን ባንድ ቀን አይደለም። ልጁ በትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋራ ሲጫወት በጥቂት ጊዜ ይይዘዋል። አባት ግን ከሥራ ወደ ሥራ ሲሮጥ ውሎ ማታ ደክሞት ይገባል። ከዚህ በኋላ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የመብራት ሒሳቡ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ሁሉ በልጁ አፍ የሚነገር ይሆናል። እናት ለባልዋ እንኳ ለመንገር የምታፍረውን ሕመም የ10 ዓመት ልጅዋ ለሐኪም ያስተረጕምላታል። መምህሩ አባትን አስጠርቶ «ልጅዎ ትምህርቱን ቸል ብሏል» ሲል፥ አስተርጓሚው ተከሳሹ ራሱ ነው። «ልጅዎ ጎበዝ ነው ይላሉ» ቢል ማን ይመሰክርበታል?

ነገሩ ቢያስቅም ጕዳቱ ብርቱ ነው። ቀን በልጁ አፍ ሲናገር የዋለ አባት ማታ በቤቱ «ተው» ቢል ቃሉ ክብደት ያጣል። ልጁም ትከሻው ሳይጠና የቤቱን ጭንቀት ይሸከማል።

ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ተጓዙ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተወሰዱ። ከልጆቹ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው፤ ብዙዎችም አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። በመንደራቸው ቃላቸው ይከበር የነበረ ሽማግሌዎች ከገዛ የልጅ ልጆቻቸው ጋራ መነጋገር አስቸገራቸው። ሆኖም አባቶች የስግድን በዓል አልተዉትም ነበርና፥ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት በዓሉ በአገሪቱ እንዲታወቅ በሕግ ደነገገ። እንግዲህ ወላጅ ያልጣለውን ልጅ ኋላ ሊያነሣው ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ ወላጅ ቢደክምም የአገሩን ቋንቋ ለመማር በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይለይ። ሁለተኛ፥ ለሐኪም፣ ለዳኛና ለመምህር ጉዳይ ልጅን አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ ዐዋቂ አስተርጓሚ ይጠይቅ። በዋሽንግተን ከተማ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቋንቋቸውን ለማይችሉ ባለጉዳዮች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብቱን ያላወቀ ግን ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ፥ በቤት ውስጥ በአማርኛ ይነጋገሩ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል የሚባለው ሥጋት በጥናት አልተደገፈም።

የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። እነዚህ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ ምን እናደርጋለን? ልጅቱ አያቷን «አንቺ» ብላ ብትጠራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እርስዋም ዐፍራ ዝም ትላለች፤ ሁለተኛም አማርኛ አትሞክርም። ወይም እኛው እንግሊዝኛችንን ለማሳየት ተሽቀዳድመን በዚያው ቋንቋ እንመልስላታለን። እናትና አባት በሰው አገር ብዙ ዓመት የደከሙበትን እኛ ባንድ ከሰዓት በኋላ እናፈርሰዋለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት የወንድማችሁ ልጅ ስትመጣ፥ የተሰባበረ አማርኛዋን ሳትስቁ አድምጡላት፤ «እርስዎ» ማለትንም በቀስታ አስተምሯት። ከአያቷ ጋራም ያለ አስተርጓሚ ተቀምጣ ትጫወት ዘንድ ጊዜ ስጧት።