ልጆቻችን አይተው ምን ይዘው ይመለሱ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼና እኅቶቼ፤ ከቅርብም ከሩቅም የምትደግፉን ወዳጆቻችን፤

የሥራ አመራር ኮሚቴው በዛሬው አጀንዳ ላይ በተያዘው አንድ ጉዳይ ሐሳቤን እንዳቀርብ አዞኛል። ጉዳዩ ይህ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ሴቶች ልጆቻችን የአውሮፓን የፖለቲካና የጸጥታ ተቋማት ሄደው እንዲጎበኙ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከትምህርት ድጋፍ ሒሳባችን ገንዘብ እንመድብ ወይስ አንመድብ? ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «ለብቸናና ለሞጣ ልጅ ብራስልስ ምኗ ነው? መጀመሪያ ደብተር ይገዛላት» ብለው ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ደብተሩም ጉብኝቱም የሚወጡት ከአንድ ካዝና ነው። ስለዚህ ከእርሳቸው ጥያቄ ልጀምር።

የኢትዮጵያ ሠራዊት በጥር 2006 ዓ.ም. በሶማሊያ የነበረውን የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪ ኃይል፣ አሚሶምን፣ በይፋ ተቀላቀለ። በዚያ ኃይል ውስጥ ለአንድ ወታደር በወር 1,028 ዶላር አበል በየመንግሥታቱ በኩል ይመደብ ነበር። የአበሉ ገንዘብ የሚመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ይህን ክፍያ በ20 በመቶ ቀነሰ። በአንድ ወታደር ሲሰላ በወር ከ200 ዶላር በላይ ማለት ነው። ውሳኔው የተላለፈው ብራስልስ ነው። የተነካው ግን ሶማሊያ ምሽግ ውስጥ ያለ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ብራስልስ ለእኛ ልጅ ምኗ ነው ለሚለው አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ሳናያት ከቤታችን ገብታለች።

አሁን ጉብኝቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ላስረዳ። ተማሪዎች እንዲህ ላለ ጉዞ ሲሄዱ በብዛት የሚያዩት ብራስልስ ያሉትን የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽንና የኔቶን ዋና መሥሪያ ቤት፣ ስትራስቡርግ ያለውን የአውሮፓ ፓርላማና የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት፣ ጊዜ ካለም ዘሄግ ያለውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ወይም ጄኔቭ ያለውን የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ነው። ፓርላማውን ለመጎብኘት መግቢያ አይከፈልም። ገንዘቡን የሚበላው አውሮፕላኑ፣ ማደሪያውና ቪዛው ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን ጎበኙ። ከተከተሏቸው አንዱ የእኛው የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንን፣ ሮምንና አቴናን አዩ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጉዞውን ሁኔታ በመጽሐፍ ጽፈው ስላቆዩልን ዛሬም ማንበብ ይቻላል።

እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የዚያን ጉዞ ገቢና ወጪ ለማየት እሞክራለሁ። አንዱ ትልቅ ዓላማ የባሕር በር ማግኘት ነበር። አልተገኘም። ክብርና ግብዣ በብዛት ተገኘ። ማንም ያላሰበው ትርፍም ነበረ። ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህ «አርባ ልጆች» የአገራችንን የማርሽ ሙዚቃ በማቋቋም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ዋናው ሒሳብ የተዘጋው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ስትወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ጣልያንን ጥፋተኛ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ከማዕቀቡ ውስጥ ነዳጅ አልነበረበትም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። መኪናውና አውሮፕላኑ በነዳጅ ይሄዳል፣ ወታደሩ በቦዩ ያልፋል፤ እነዚህ ካልተከለከሉ የቀረው ክልከላ ጦርነቱን የሚያስቆም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ። የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉባኤው ያንኑ ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

ይህን የማነሣው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ያማረ አዳራሽ ማየትና አዳራሹ እንዴት እንደሚወስን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ልጆቻችን የሚሄዱ ከሆነ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፤ የሦስቱንም መልስ ይዘው ይመለሱ።

የመጀመሪያው፣ ማን ይወስናል? በእኛ ማኅበር ለአንዲት አባል አንድ ድምፅ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ የለም። እነዚያ ተቋማት ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ሕግ አላቸው። ኔቶ ውስጥ ሁሉም ካልተስማሙ ነገር አይሄድም። ስዊድን በግንቦት 2014 ዓ.ም. አባል ልሁን ብላ አመለከተች፤ ቱርክና ሃንጋሪ ስላዘገዩባት የገባችው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት ቢቀመጡም አምስቱ ብቻ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን አላቸው። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤትም 15 አባላት አሉት፤ እዚያ ግን ቋሚ ወንበርም የመሻር ሥልጣንም የለም። ልጅቷ ይህን ካወቀች ሬዲዮ ላይ «ምክር ቤቱ ተወያየ» ሲባል ውይይቱ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ራሷ ትገምታለች።

ሁለተኛው፣ ማን ይከፍላል? የአፍሪካ መሪዎች በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ሲሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ አገር ከውጭ ከሚያስገባው ዕቃ ላይ 0.2 በመቶ ቀረጥ ሰብስቦ ለኅብረቱ እንዲያወጣ ተስማምተው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለሰላም ማስከበሩ ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከውጭ ነበር፣ ሰጪው ሲቀንስም ሥራው ይጎድላል። የአሚሶምን አበል አይተናል። ደጋፊዎቻችን እዚህ ተቀምጣችሁ ይህን ስናገር ቅር እንደማይላችሁ አውቃለሁ። እኛም የወር መዋጯችንን ሳናቋርጥ የምንሰበስበው ለዚሁ ነው። የእናንተ ድጋፍ ሲመጣ ሥራውን ያሰፋዋል፤ ሲዘገይ ደግሞ ማኅበሩ በሩን እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ሦስተኛው፣ ምን ማድረግ አይችልም? ይህ ለእኛ ልጆች የቀረበ ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ቁጥር 1325 በተባለው ውሳኔ ሴቶች በሰላም ድርድር ላይ ድርሻ እንዲኖራቸው ጠይቋል። ውሳኔው ከተጻፈ ብዙ ዘመኑ ነው። ትምህርቷ የተቋረጠባት የሞጣ ልጅ እዚያ አዳራሽ ገብታ «ይህ ወረቀት እኛ ቀበሌ ለመድረስ የጎደለው ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ መላሹ እንደ ጨዋታ ሊያልፈው አይችልም። እንዲህ ብሎ የመጠየቅ መብት ከእርሷ የበለጠ ያለው ማን ነው?

አይቶ መመለስና አይቶ መሥራት እንደሚለያዩ እዚሁ አጠገባችን ምሳሌ አለን። ከሞጣ ወደ እስቴ የሚያሻግረውን የዓባይ ሰባራ ድልድይ ሁላችንም እናውቃለን። ከጥንት የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ስንት መንገደኛ አየው! በ1993 ዓ.ም. ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ በመጽሔት ላይ የወጣውን ፎቶግራፍ አየና ስፋቱንና ወጪውን ጠየቀ፤ መጥቶም ከአገሬው ሰው ጋር ድልድዩን በ1994 ዓ.ም. ጠገነ። በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። ያን ጊዜም «አንድ ጊዜ ሠርተናል» ተብሎ አልተተወም፤ በኋላ ከውኃው ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የኬብል ድልድይ ተሠራ። ከልጆቻችን የምፈልገው እንዲህ ያለ ማየት ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። የአውሮፓ ፓርላማ በሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ በተቋቋመበት በ1971 ዓ.ም. ወንበሩን የያዙት ሲሞን ቬይ የተባሉ ሴት ናቸው፤ በልጅነታቸው ከናዚ የእስረኞች ካምፕ ተርፈው የወጡ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንንም በ2004 ዓ.ም. ተመርጠው የመሩት ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ሴት ናቸው። ልጆቻችን ይህን በመጽሐፍ ሊያነቡት ይችላሉ። በዚያ ወንበር ፊት ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ገንዘብ ከፍሎ ቪዛ መከልከልም አለ። በአባላት መዋጮ ይህን ዕዳ መድፈር ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ በአዲስ አበባ እንድንጀምር ነው።

ሦስቱንም ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ መጠየቅ ይቻላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ እዚያ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀውን ትልቁን ሕንፃ ቻይና ሠርታ ሰጠች፤ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የተጠራው የሰላምና ጸጥታ ሕንፃ ደግሞ በጀርመን ድጋፍ ተሠራ። «ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ገና ከበሩ ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ ሁለተኛ ደረጃ ይሁን፤ ወጪውም ለዚያው ብቻ በሚገኝ ድጋፍ ይሸፈን።

ጉባኤው ከተስማማ በቃለ ጉባኤ እንዲያዙ የምለምናቸው ነጥቦች አሉ። ከደብተርና ከዩኒፎርም በጀት አንድ ብር አይነካ፤ ጉብኝቱ የራሱ የሒሳብ መዝገብ ይኑረው። ልጆቹ የሚመረጡት በመምህራኖቻቸው ይሁን፤ የእናት የመዋጮ መጠን አይታይ። ከብቸናና ከሞጣ እኩል ይሂዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥና ወላጅ ሳይፈርም ማንም አይነሣ። አብራቸው ሴት መምህርት ትሂድ። ደረሰኝ በተመለሱ በ15 ቀን ውስጥ ይወራረድ። እያንዳንዷ ልጅ የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ጽፋ፣ በሁለቱም ከተማ አባላት በተሰበሰቡበት ታንብብ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንም በቃል ታስረዳ።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ባንዲራ ፊት የተነሡትን ፎቶግራፍ ብቻ እንድንልክላችሁ አትጠይቁን። የጻፉትን ጠይቁን፤ አንብባችሁም ጥያቄ መልሱላቸው። ያን ጊዜ ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ ከእኔ የሒሳብ ሪፖርት ይልቅ ከእነርሱ ታውቃላችሁ።

ሐሳቤ ይህ ነው። የሚቃወምም የሚያሻሽልም አስተያየት ይሰማ፤ ከዚያም ድምፅ እንድንሰጥበት ሰብሳቢያችንን እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ያምጣልን።